ራኮር 500ኤፍጂ የውሃ መለያ በላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ፦ ከሱሉልታ ጭቃ የተጻፈ ግምገማ

መጀመሪያ ፍርዴን ላስቀምጥ። የድሮ ናፍጣ ላንድክሩዘር ይዛችሁ ከአስፋልት ውጭ የምትውሉ ከሆነ፣ ለመኪናችሁ የምታወጡት ቀጣዩ ብር የፊት መከላከያ ብረት ወይም የጣሪያ መብራት ላይ አይዋል። ከታንከሩና መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከመጣው ፊልትሮ መሃል የሚገባ፣ ውሃን ከናፍጣ የሚለይ፣ ከታች ግልጽ ብልቃጥ ያለው የውሃ መለያ ግዙበት። እኔ ያስገባሁት የፓርከር ኩባንያን ራኮር 500ኤፍጂ ነው። ክረምቱን ሙሉ በሱሉልታ ጭቃ ሠርቼበታለሁ፤ ዛሬ ቢሰበር ነገ ሌላ እገዛለሁ። ጉድለትም አለው፤ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። የገጠምኩት ራሴ፣ ግቢዬ ውስጥ ስለሆነ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ጭምር ነው የምመዝነው።

ሥራዬ ወተት ማመላለስ ነው። ከሱሉልታ ወጣ ብለው ካሉ ገበሬዎች ማለዳ ሰብስቤ፣ ሽቅቡን አልፌ በአዲሱ ገበያ በኩል አዲስ አበባ አስገባለሁ። ዋናው የጎጃም መንገድ አስፋልት ነው፤ ላሞቹ ያሉበት ድረስ ግን አስፋልት አይሄድም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ ጥቁር መሬት ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ፎር ዊል ካልገባ ንቅንቅ የለም። ወተት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ታልቧል፣ ተቀድቷል፣ በር ላይ ወጥቶ ቆሟል። ከ2500 ሜትር በላይ ባለ አገር፣ ውርጭ በመታው ማለዳ፣ መኪናው በጊዜ ካልተነሳ የአንድ ቤተሰብ የቀን ገቢ እዚያው ይኮመጥጣል። ስለ ናፍጣ መስመር እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መኪናዬ ኤችዜድጄ79 ፒክአፕ ናት፤ ሞተሯ 1ኤችዜድ። ስድስት ሲሊንደር፣ 4164 ሲሲ፣ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ቶዮታ ይህን ሞተር በላንድክሩዘር ላይ መግጠም የጀመረው በ1990 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ዛሬም ገጠር ከወጣችሁ ኮፈኑ የተከፈተ ላንድክሩዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታዩት እሱኑ ነው። ሹፌሮች «አይሞትም» ይሉታል። ልክ ናቸው፤ ግን የማይሞተው ብረቱ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ይሞታል።

ይህ ፖምፓ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለባለቤቱ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ውስጡ አንድ ፒስተን ብቻ አለ፤ እየዞረና እየገፋ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት ስድስት ኖዝሎች በተራ ያከፋፍላል፣ 1-4-2-6-3-5 በሚለው ቅደም ተከተል። የፒስተኑና የቤቱ ክፍተት በማይክሮን ነው የሚለካው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሞተር ዘይት እዚያ ውስጥ አይገባም። የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። እንግዲህ በናፍጣው ፋንታ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት፦ ማለስለሻ የለም፣ ብረቱ ይደርቃል፣ ይፋቃል። መኪናው ካደረ ደግሞ ይዝጋል። አንድ ጊዜ ያ ገጽ ከተጫረ ፊልትሮ መቀየር፣ ኖዝል ማጠብ፣ አየር ማውጣት ምንም አይመልሰውም። ፖምፓው ወርዶ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ዋጋውን የከፈለ ያውቀዋል።

ውሃው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ማደያውን ብቻ ነው የሚወቅሰው። ከታንከራችሁ ውስጥም ይፈጠራል። ቀን ፀሐይ የሞቀው ግማሽ ባዶ ታንከር ሌሊት በሱሉልታ ብርድ ሲቀዘቅዝ፣ ውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን በግድግዳው ላይ ይጥላል፤ ጠብታው ወርዶ ከናፍጣው ሥር ይተኛል፣ ከናፍጣ ይከብዳልና። ለዚህ ነው ማታ ሞልታችሁ ማሳደር የሚረዳው፤ ወረፋው ከፈቀደላችሁ። ወረፋው ሳይፈቅድ ሲቀር ደግሞ ጄሪካን አለ፣ በርሜል አለ። ክዳኑ የላላ በርሜል ዝናብ ላይ ቆሞ ሲያድር ከላዩ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ በክዳኑ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ረቂቅ ነፍሳት ይራባሉ፤ በፊልትሮ ላይ የምታዩት ያ የሚያዳልጥ ጥቁር ዝቃጭ የእነሱ ነው።

እኔን ያነቃኝ እንዲህ ያለ በርሜል ነው። ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን ከመንገድ ዳር ቀዳሁ፤ ወተቱን ጭኜ ሽቅቡን ስጀምር መኪናዋ አቅም አጣች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮው የውሃ መብራት በራ። ዳር ይዤ ከፋብሪካው ፊልትሮ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈታሁ፣ በእጅ ፖምፓው ገፋሁ፤ የወጣው ውሃ ነበር። መጨረሻ ላይ ካለችው ወተት አስረካቢ ስልክ ተደወለ፦ «ልጄ፣ ምነው ድምፅህ ጠፋ? ወተቱ በር ላይ ቆሟል እኮ!» ምን ብዬ ልመልስላት። የዚያን ቀን የእሷም፣ የተጫነውም ወተት ተበላሸ። ፖምፓው ግን ተረፈ፤ የፋብሪካው ፊልትሮ ሥራውን ሠርቷልና። የፋብሪካው ሲሞላ ግን በመብራት ይነግራችኋል እንጂ አያሳያችሁም፤ መብራቱ ደግሞ የሚበራው ውሃው ከበቂ በላይ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። እኔ የፈለግሁት ቀደም ብሎ የሚያሳየኝን ነው።

ግዢው የሆነው ሶማሌ ተራ ነው። ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ገዢ ማሳሳቻ ነው። ይልቅ ሚዛኑን ልስጣችሁ፦ ኦሪጅናሉ ከቅጂው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ናፍጣ ፖምፓ ከማስጠገን ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ገንዘብ ነው። ከአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለቱንም አውጥተው አሳዩኝ። «ጋሼ፣ ያው ነው፤ ስሙን ነው የሚከፍሉት» አለኝ ልጁ። ያው አይደለም። ሁለቱንም ክዳናቸውን ከፍቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በኦሪጅናሉ ውስጥ ናፍጣውን የሚያሽከረክሩት ክንፎች ጠርዛቸው የተሳለ፣ መጋጠሚያው የሚጠመዘዝበት የመግቢያው ጥርስ ንጹሕ፣ ክዳኑን የሚይዘው ባለ እጀታ መዝጊያ ሲጠብቅ ልስልስ ያለ ነው። በቅጂው የአልሙኒየም ፍርፋሪ ከጥርሱ ሥር በጣቴ ወጣልኝ። ያ ፍርፋሪ ወዴት ሊሄድ እንደነበር ልብ በሉ። የክዳኑ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ጎማው ደረቅና ጠጣር ነበር፤ ይህ ዕቃ ደግሞ ሕይወቱ በጓርኒሲዮን ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

የሚሠራበት መንገድ ያምራል። ናፍጣው ሲገባ በክንፎቹ ምክንያት ይሽከረከራል፤ ከባዱ ውሃና ቆሻሻ ወደ ዳር ተገፍቶ ወደ ብልቃጡ ይወርዳል። ጥቃቅኖቹ ጠብታዎች እርስ በርስ ተያይዘው ሲከብዱ እነሱም ይወርዳሉ። የተረፈውን ውስጡ ያለው ተቀያሪ ማጣሪያ፣ ኤለመንቱ፣ ይይዘዋል። አቅሙ በሰዓት 227 ሊትር ነው ይላል አምራቹ፤ ለ4.2 ሊትር ሞተር ከበቂ በላይ ነው። ኤለመንቱ 2010 የሚባል ቁጥር ያለው ሲሆን በሦስት ዓይነት ይመጣል፦ ባለ 2 ማይክሮን ቡናማ፣ ባለ 10 ሰማያዊ፣ ባለ 30 ቀይ። እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። «ደቃቁ ይሻላል» ብለው 2 ማይክሮኑን ይሰጧችኋል። አይሻልም። ደቃቁን ሥራ የሚሠራው ከኋላው ያለው የፋብሪካው ፊልትሮ ነው። ከፊት ደቃቅ ካስገባችሁ ፖምፓው ለመምጠጥ ይቸገራል፣ ሽቅብ ላይ አቅም ታጣላችሁ፣ ኤለመንቱም ቶሎ ይደፈናል። ቀዩን፣ 30 ማይክሮኑን አስገቡ፤ የዚህ ዕቃ ሥራ ውሃውንና ሻካራውን መያዝ ነው። የፋብሪካውን ፊልትሮ ደግሞ በፍጹም አታውጡት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ነገር መግጠሚያው ነው፤ የመጀመሪያውን ኮከብ የምቀንሰውም በዚህ ነው። መግቢያና መውጫው በአሜሪካ ልክ የተቆረጠ ጥርስ ነው፦ ስፋቱ 3/4 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ። እኛ ገበያ ያለው የቧንቧ ጥርስና ሚሊሜትር ጥርስ ነው። አንዳንድ ሱቅ «ይገባል» ብለው የቧንቧ መጋጠሚያ ሊያስገቡላችሁ ይሞክራሉ፤ ልኩ አይገጥምም፤ አስገድዳችሁ ካዞራችሁት የአልሙኒየሙ ጥርስ ይበላና ዕቃው ይሞታል። እኔ ብረት በማሽን እያዞሩ ወደሚቆርጡበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ። እዚያው ሱሉልታ፣ በዋናው መንገድ ዳር የሚሠሩ ሰውዬ አሉ፤ የእርሻ ማሽን ዘንግ የሚጠግኑ። የውሃ መለያውን አስቀምጬ «ጋሼ፣ ለዚህ አፍ ሁለት የቱቦ መሰኪያ በነሐስ ይሥሩልኝ» አልኳቸው። የጥርስ መለኪያቸውን አውጥተው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየገጠሙ መግቢያው ውስጥ ሞከሩ፤ 16 የሚለው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ብርሃን ፊት አነሡት፣ በጥርሱና በቅጠሉ መሃል ብርሃን አላለፈም። «ይሄ ነው» አሉ፤ ከዚያ ነሐሱን ቶርኖው ላይ አሰሩ። ሥራቸው ኮራሁበት። ጫፉ ላይ ለኦሪንግ፣ ለማሸጊያዋ የጎማ ቀለበት፣ የምትሆን ማረፊያ አወጡለት፣ የቱቦውን በኩል ደግሞ ቀለበት ቀለበት አድርገው ቆረጡት፣ ቱቦው እንዳይሸሽ። ኦሪንግ ስላለ ነጩን የቧንቧ ቴፕ አልተጠቀምኩም፤ እናንተም አትጠቀሙ። የቴፑ ብጣሽ ተቆርጦ ወደ ፖምፓው ከሄደ ሌላ በሽታ ይሆናል።

ገጠማውን የሠራሁት በሁዳዴ ነው። በጾም የወተት ገበያ ስለሚቀዘቅዝ መኪና አቁሞ ለመሥራት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለንም።

ቦታ ስትመርጡ ሦስት ነገር አስቡ፦ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ኤለመንቱን በቀጥታ የምትመዙበት ክፍት ቦታ ይኑረው። ይህ የመጨረሻው ይረሳል። ዕቃው ትልቅ ነው፤ ሁለተኛውን ኮከብ የምወስድበት ይህ ግዝፈቱ ነው። ባትሪው አጠገብ የሚሆነውን ቦታ አገኘሁለት፣ በያጅ ዘንድ ወፍራም ላሜራ አስቆርጬ ማቀፊያ ሠራሁለት። ቀጭን ላሜራ አይሁን፤ በኮረኮንች ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ቱቦ ስትገዙ ከመኪናችሁ ላይ ያለውን ለክታችሁ ግዙ፤ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በሰው ወሬ አትግዙ። ለናፍጣ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ተራ የውሃ ጎማ በናፍጣ ያብጣል፣ ውስጡ ይላላጣል። የቱቦ ማሰሪያው ፋሼታም ቢሆን ጠርዙ የታጠፈውን ፈልጉ፤ ጥርሱ የተቦረቦረው ዓይነት ቱቦውን እየቆረጠ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በ1ኤችዜድ ላይ የሚገፋ ሳይሆን የሚመጠጥ ነው። ታንከሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ፖምፓ የለም፤ ናፍጣውን የሚጎትተው የናፍጣ ፖምፓው ውስጥ ያለው ትንሽ መምጠጫ ነው። ስለዚህ መጋጠሚያ ሲላላ ናፍጣ አይንጠባጠብም። አየር ይገባል። መሬት ላይ እድፍ ፈልጋችሁ ስታጡ «አይፈስም፣ ጥሩ ነው» ትላላችሁ፤ ማለዳ ግን መኪናው ሳይነሳ ይንገታገታል፣ ወይም ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ሌሊት አየሩ እየገባ ናፍጣው ወደ ታንከር ተመልሷልና። ብዙ ሰው ይህን ምልክት አይቶ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያሞቀውን ካንዴሌት ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ከዚያ ፖምፓ ያስወርዳል። መጀመሪያ መታየት ያለበት አየር ነው። መታያው ቀላል ነው፦ ወደ ናፍጣ ፖምፓው ከሚገባው ቱቦ ላይ አጭር ቁራጭ በግልጽ ቱቦ ለጊዜው ተኩና ሞተሩን አስነሡ። ናፍጣው ጥርት ብሎ ካለፈ መስመሩ ደህና ነው። አረፋ ካለፈ ከዚያ ወደ ኋላ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል።

በእኔ መኪና ላይ አረፋ ነበር፤ ከአዲሱ ዕቃ መስሎኝ መጋጠሚያውን ሁሉ ብፈትሽም ምንም የለበትም። ጥፋቱ የቆየ ነበር፦ በፋብሪካው ፊልትሮ አናት ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ። ያ ክብ ነገር ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ይህ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የታወቀ ሕመም ነው። ስትጫኑት ጠንከር ብሎ መቃወም አለበት፤ ላላ ካለ ወይም ሲጫኑት ጠርዙ ከረጠበ ለውጡት። ለወጥኩት፣ አረፋው ጠፋ። የውሃ መለያውን ገጥማችሁ ማለዳ ማስነሣት ቢያስቸግር አዲሱን ዕቃ ከመውቀሳችሁ በፊት እዚያ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ሙሊት ይህን ዕቃ ከቅጂዎቹ የሚያስወድደው ነው። ክዳኑን ከላይ ትከፍታላችሁ፣ ንጹሕ ናፍጣ በጨርቅ አጣርታችሁ እስከ አፉ ትሞላላችሁ፣ ጓርኒሲዮኑን በናፍጣ አርጥባችሁ ትዘጋላችሁ። ከዚያ በእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር መጫን ነው። ኤለመንት ስትቀይሩም ያው ነው፤ ከሥር ሳትገቡ፣ እጃችሁን ክርን ድረስ ሳትነክሩ። መንገድ ዳር ዝናብ እየዘነበ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አጥብቄ እላለሁ። ናፍጣ ፖምፓው ላይ መግቢያና መመለሻ ቱቦዎችን የሚይዙት ሁለቱ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቡሎኖች ይመሳሰላሉ፤ አይለዋወጡም። የመመለሻው «አውት» የሚል በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል፤ ውስጡ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ የፖምፓውን የውስጥ ግፊት የሚጠብቀው እሱ ነው። ተለዋውጠው ከተገጠሙ ሞተሩ አቅም ያጣል፣ ጭስም ያወጣል፣ መካኒክም ፖምፓ ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል። ስትፈቱ ለየብቻ አስቀምጡ፣ በቀለም ምልክት አድርጉ። ሌላው፣ ሞተሩ እየሠራ ከኖዝል ቱቦዎች የሚወጣን ናፍጣ በጣታችሁ አትፈትሹ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ እጅ ያሳጣል። ወረቀት ያዙበት።

ክረምቱ ሲገባ ብልቃጡን በየማለዳው ማየት ልማድ ሆነብኝ። ኮፈኑን አነሣለሁ፣ የስልኬን መብራት ከኋላው አበራለሁ። ናፍጣው ቢጫ ሆኖ ብርሃኑን ያሳልፋል። ሥሩ ላይ ግን፣ ከጄሪካን የቀዳሁ ሰሞን፣ ጠላ ጋን ሥር እንዳለ አተላ የተለየ ነገር ይተኛል፦ ከላዩ ላይ ስስ ጥቁር ድር፣ ከሥሩ የጠራ ውሃ፣ በሁለቱ መሃል በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር። መኪናውን ወዝወዝ ሳደርግ መስመሩ አብሮ ይወዛወዛል፤ አይቀላቀልም። ያ ውሃ ቀድሞ ወዴት ይሄድ እንደነበር ሳስብ ደረቴ ይጨመቃል። የፋብሪካው ፊልትሮ መብራት ክረምቱን ሙሉ አልበራም። ከፋብሪካው ፊልትሮ ሥር ሳፈስም ንጹሕ ናፍጣ ነው የወጣው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሌላም ያስተማረኝ አለ። ከማን እንደቀዳሁ ከብልቃጡ አውቃለሁ። ከአንዳንዱ ቦታ ስቀዳ ብልቃጡ ለሳምንት ጥርት ብሎ ይቆያል፤ ከአንዳንዱ በማግስቱ ውሃ አለበት። ማንንም ሳልከስ፣ ስም ሳላነሣ፣ የምቀዳበትን መረጥኩ።

ስታፈስሱ ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን። የታችኛውን መክፈቻ ብቻ ብትከፍቱ አይወርድም፤ መስመሩ ታምቋል። የላይኛውን መዝጊያ ትንሽ ላላ አድርጉለት፣ አየር ሲገባ ከታች ይወርዳል። ውሃው አልቆ ናፍጣ ሲጀምር ዝጉ፣ የጎደለውን ከላይ ሙሉ፣ መዝጊያውን በእጅ አጥብቁ፤ በቁልፍ አይጠበቅም። የወጣውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙት። መሬት ላይ አትድፉት። እዚህ ሱሉልታ ከብቱ የሚግጠው፣ ምንጩም የሚፈልቀው ከዚያው መሬት ነው፤ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎቹም ወደዚህ የመጡት ለዚሁ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እኔ ጠርሙሱን አቁሜ ውሃው ሲለይ የላይኛውን ናፍጣ ለዝገት መፍቻ እጠቀምበታለሁ፤ የቀረውን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡት እሰጣለሁ።

ይህ ዕቃ የማይሠራውንም ልናገር፣ ሻጮች አይነግሯችሁምና። ናፍጣ ውስጥ የተቀላቀለ ነጭ ጋዝ አይለይም። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ጋር አንድ ሆኖ ያልፋል፤ ማለስለሻነቱ ደካማ ስለሆነ ፖምፓውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ምንም ፊልትሮ አያድናችሁም። የተፋቀ ፖምፓም አይፈውስም። ቀድሞውኑ ሞተሩ ሲሞቅ አልነሣም የሚል ከሆነ፣ ፖምፓው ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በማሽን ላይ አስለኩት። ብልቃጡ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ከሥር በኩል፣ ጎማ ድንጋይ በሚረጭበት ቦታ የምትገጥሙት ከሆነ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ኮፈን ውስጥ ብቻ።

ኤለመንት የማግኘቱ ጉዳይ አሁንም ያሳስበኛል። ቀዩ ባለ 30 ማይክሮን አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ በጠፋ ጊዜ ሰማያዊውን ባለ 10 ብትገጥሙ ችግር የለም፣ ቶሎ ቶሎ ማየት ነው። ቡናማውን ግን ተዉት። ከኦሪጅናሉ ኤለመንት ጋር የክዳኑ ጓርኒሲዮንና ለመዝጊያው የሚሆን ኦሪንግ አብረው ይመጣሉ፤ ሳጥኑን ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ እነዚህ መኖራቸውን ሳታዩ አትክፈሉ። የድሮውን ጓርኒሲዮን መልሳችሁ ብትጠቀሙ አየር ይገባል፣ ከዚያ ወደዚያ ወደ ማለዳው ጣጣ ተመለሳችሁ።

ሃይሉክስ ያላችሁ ለገጣፎና ሰበታ ያሉ ወዳጆቼ ይህንኑ ልግጠም ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለእነዚያ ትንንሽ ሞተሮች የኮፈኑ ቦታ ጠባብ ስለሆነ የዚያው አምራች 200 ተከታታይ ይስማማል፤ 230አር የሚባለው በሰዓት 30 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 114 ሊትር ያሳልፋል፤ ኤለመንቱ ከሥር የሚጠመዘዝ ነው። ሲቀየር እጅ ያቆሽሻል፣ ግን ብልቃጡ አለ፣ ዋናው እሱ ነው። ኮመን ሬል የሚባለው አዲስ ሞተር ያላችሁ ግን የእኔን አሠራር እንዳለ አትቅዱ። በዚያ ሞተር የናፍጣው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይሄዳል፤ ለአንዲት የነሐስ ፍርፋሪ እንኳ ይቅርታ የለውም። የውሃ መለያ ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ ለመኪናው ሞዴል ተብሎ ተሟልቶ የተዘጋጀውን ግዙና ንጹሕ እጅ ያለው መካኒክ ይግጠምላችሁ።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ የውሃ መለያውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልኩን ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። የተቆረጠላችሁን መሰኪያም ከመግጠማችሁ በፊት በንጹሕ ናፍጣ እጠቡት፣ በቀዳዳው ውስጥ ወደ ብርሃን ተመልከቱ፣ ከተገኘ በኮምፕሬሰር አስነፉት። እኔ ካጠብኩት በኋላ እንኳ ከቀለበቶቹ መሃል ጸጉር የምታህል የነሐስ ክር በመርፌ አውጥቻለሁ።